ልደት በመንገድ ላይ፦ በኔፓል የሚጓዙ ባልንጀሮች የልደት ቀንን የሚያከብሩበት ሁኔታ

መግቢያ

የልደት በዓል ባብዛኛው የቤት በዓል ነው። ቀኑ በመዝገብ የሰፈረ ነው፤ ሥፍራው የወላጆች ወይም የራስ ቤት ነው፤ የሚሰበሰቡትም ልጁ ሲወለድና ሲያድግ ያዩ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና አብሮ አደጎች ናቸው። ስለዚህ ዘመናዊው የልደት በዓል በሦስት ምሰሶዎች ላይ ይቆማል ማለት ይቻላል፤ እነርሱም ቀን፣ ቤትና ምስክር ናቸው። ጓዙን በጀርባው አዝሎ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በባዕድ አገር የሚዞር ወጣት ልደቱ በመንገድ ላይ ሲደርስበት ቤቱ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። ቀኑም እንደሚታሰበው የጸና አይደለም፤ የሰዓት ልዩነትና የዘመን አቆጣጠር ያናጉታል። የሚቀረው ምስክሩ፣ ማለትም አብሮት የሚጓዘው ባልንጀራ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ኔፓልን እንደ ማሳያ ወስዶ አንድ ጥያቄ ለመመለስ ይሞክራል። ቤቱ በሌለበትና ቀኑ በማያስተማምንበት ሁኔታ የልደት በዓል በምን ይጸናል? ኔፓል የተመረጠችበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጓዛቸውን አዝለው የሚጓዙ ወጣቶች (በተለምዶ ባክፓከር የሚባሉት) ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲመላለሱባት የኖረች አገር ናት። ሁለተኛ፣ ልክ እንደ ኢትዮጵያ የራሷን የዘመን አቆጣጠር በመንግሥት ሥራ የምትጠቀም በመሆኗ፣ የቀንን ጉዳይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በተለየ ግልጽነት ታሳያለች።

መንገዱና መንገደኞቹ

እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች ከኢስታንቡል ተነሥተው በቴህራን፣ በካቡል፣ በላሆርና በዴልሂ አልፈው በርካሽ አውቶቡስ ካትማንዱ ይገቡ ነበር። በከተማዋ አሮጌ ክፍል፣ በቤተ መንግሥቱ አደባባይ አጠገብ ያለችው ጆቼን የተባለች ጠባብ መንገድ የመዳረሻቸው ምልክት ሆነች። በአቅራቢያው የኬክና የፓይ መጋገሪያዎች ተከፍተው ከአገሩ ምግብ ፈጽሞ የተለየ ጣፋጭ ለእንግዶቹ ያቀርቡ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1973 የኔፓል መንግሥት የሐሺሽ ንግድ ፈቃዶችን ሰረዘ። በዚያው ዓመት ቶኒና ሞሪን ዊለር የእስያውን የየብስ ጉዟቸውን መሠረት አድርገው የመጀመሪያ መምሪያ መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ ሎንሊ ፕላኔት የተባለው አሳታሚ ድርጅትም ከዚያ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1979 የኢራን አብዮትና የሶቪየት ጦር ወደ አፍጋኒስታን መግባት የየብሱን መንገድ ቆረጡት። ጉዞው ግን በአየር ቀጠለ፤ የእንግዶቹም ማደሪያ ወደ ታሜል ሰፈር ተዛወረ።

የማኅበረሰብ ጥናት ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ልዩ ትኩረት ሰጥቷል። አርኖልድ ቫን ጄኔፕ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው ሥራ፣ ሰው ከአንድ የዕድሜ ወይም የማኅበራዊ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያልፍባቸው ሥርዓቶች ሦስት ክፍል እንዳላቸው ገለጠ፦ መለየት፣ በመሸጋገሪያው ላይ መቆየት፣ በአዲስ ማንነት መመለስ። ቪክቶር ተርነር እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ሐሳብ አስፍቶ፣ በመሸጋገሪያው ላይ ያሉ ሰዎች ማዕረግና ሀብት የማይለያቸው ብርቱ አንድነት እንደሚሰማቸው አስረዳ። ኤሪክ ኮኸን በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተደራጀ ጉብኝት ውጭ የሚዞሩትን ወጣቶች ራሱን የቻለ የቱሪስት ዓይነት አድርጎ መደበ። ኮኸንና ኻይም ኖይ እ.ኤ.አ. በ2005 ባዘጋጁት የጥናት ስብስብ ደግሞ፣ የእስራኤል ወጣቶች ከወታደራዊ አገልግሎት በኋላ የሚያደርጉት ረጅም ጉዞ እንደ መሸጋገሪያ ሥርዓት ሊነበብ እንደሚችል ተመልክቷል።

የልደት ቀን ራሱ መሸጋገሪያ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ያለ ልደት በመሸጋገሪያ ውስጥ የገባ ሌላ መሸጋገሪያ ይሆናል። ብዙዎቹ ተጓዦች ሃያዎቹን በመጀመር ወይም በማጋመስ ላይ ያሉ በመሆናቸው፣ በዚያ ቀን የሚጠየቀው ጥያቄ ከስንት ዓመት ሞላህ ያለፈ ነው። ወደ ቤት ስትመለስ ምን ሆነህ ትመለሳለህ የሚለውም አብሮ ይነሣል።

ቀኑ የትኛው ነው?

የቀንን ጉዳይ በምሳሌ ማየት ይበጃል። አንድ ሰው ታኅሣሥ 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። ፓስፖርቱ ላይ የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 24 ቀን 2001 ነው። በኔፓል የቢክራም ሳምባት አቆጣጠር ደግሞ ያው ቀን በ2058 ዓመት በፑስ ወር ይውላል። የኔፓል አቆጣጠር ከአውሮፓው በ56 ወይም በ57 ዓመት ሲቀድም፣ የእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይዘገያል። አንዱ ሕፃን በሦስት መዝገብ ሦስት ዓመተ ልደት ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

ይህ የስም ልዩነት ብቻ ቢሆን ባላስቸገረ ነበር። ነገር ግን ቀኖቹ እርስ በርሳቸው ሁልጊዜ አይገጥሙም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ስትሆን፣ ቀጥሎ ያለው የዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 በአውሮፓው ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ የአንድ ቀኑ መዛነፍም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። ስለዚህ የምሳሌያችን ሰው በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ 15ን ያከበረው ዲሴምበር 25 ቀን 2023 ሲሆን፣ ፓስፖርቱ የሚያዘው ግን ከአንድ ቀን በፊት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የልደት በዓል በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28፣ በሌሎቹ ዓመታት ታኅሣሥ 29 የሚውለው ለዚህ ነው። በኔፓል ደግሞ የወራቱ ርዝመት ከ29 እስከ 32 ቀን ስለሚለያይ፣ ቀኑን ለመመለስ ሰንጠረዥ ማየት ያሻል። ከዚህም ሌላ ብዙ የሂንዱ ቤተሰቦች ልደትን የሚያከብሩት በጨረቃ ቀን አቆጣጠር በመሆኑ፣ በዓሉ በፀሐይ አቆጣጠር ሲታይ ከዓመት ዓመት ይዋልላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። የኔፓል ሰዓት ከኢትዮጵያ በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማል። በካትማንዱ እኩለ ሌሊት ሲሆን በአዲስ አበባ ገና ከምሽቱ 3፡15 ነው። በጀርመኖች ዘንድ ቀኑ ሳይደርስ መልካም ልደት ማለት መጥፎ ዕድል ያመጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ ጓደኞች ከዋዜማው ተሰብስበው እኩለ ሌሊትን ይጠብቃሉ። የተለያየ አገር ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ፣ ቀኑ የሚጀምረው በዚህ ሰዓት ነው ወይስ በእናቱ ቤት ሰዓት የሚለው ቀልድ የመሰለ ክርክር እውነተኛ መሠረት አለው።

የጉዞ ታሪክ ይህን አስቀድሞ መዝግቧል። የማጄላን ጉዞ ቀሪ መርከበኞች እ.ኤ.አ. በ1522 ኬፕ ቨርዴ ሲደርሱ፣ በየዕለቱ የጻፉት ማስታወሻ ረቡዕ ሲል በደሴቲቱ ግን ሐሙስ ሆኖ አገኙት፤ ምድርን በምዕራብ አቅጣጫ ዞረው አንድ ቀን ጎድሎባቸው ነበር። የሳሞአ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ከቀን መለያው መስመር ወዲያ ማዶ ሲሻገር ዲሴምበር 30ን ዘለለው፤ በዚያ ቀን የተወለዱ ነዋሪዎች በዚያ ዓመት የልደት ቀን አልነበራቸውም። በዚያው አገር ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊ ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1891 በገና ዕለት በመወለዷ የራሴ የምትለው ልደት ላጣች ልጅ፣ የራሱን የኖቬምበር 13 ልደት በሕጋዊ ሰነድ መልክ በጻፈው ደብዳቤ አስተላልፎላታል። ድርጊቱ ጨዋታ ቢሆንም የሚያመለክተው ቁም ነገር አለ፤ ቀን በስምምነት የሚጸና ነገር ነው።

ማዕዱና ስጦታው

ሻማ የተተከለበት ኬክ በ18ኛው መቶ ዘመን በጀርመን ከነበረው የልጆች በዓል ጋር ተያይዞ ይነገራል። ዛሬ ዓለም የሚዘምረው የልደት መዝሙር ዜማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ እኅትማማቾቹ ሚልድረድና ፓቲ ሂል ባሳተሙት የሕፃናት መዝሙር ላይ ይገኛል። ሁለቱም ወደ ኔፓል የዘለቁት ከእንግዶቹ ጋር ብቻ አይደለም፤ በከተማው ያሉ ቤተሰቦችም ለልጆቻቸው ኬክ ይቆርሳሉ። በተራራው መንገድ ዳር ያሉ ማደሪያዎች እንኳ የፖም ፓይ ያቀርባሉ። በሙስታንግ አውራጃ ያለችው ማርፋ በፖም ምርቷ የታወቀች ናት።

ቢሆንም ኬኩ የሚበላበት ሥርዓት አንድ ዓይነት አይደለም። በኔፓልና በሕንድ ባለ ልደቱ የመጀመሪያውን ቁራሽ በእጁ ለቅርብ ሰው ያጎርሳል፤ እነርሱም በተራቸው ያጎርሱታል። ለኢትዮጵያዊ ይህ ጉርሻ ነውና ማብራሪያ አያሻውም። በሌላ በኩል ጁቶ የሚባል ጽንሰ ሐሳብ አለ፤ አፍ ወይም ምራቅ የነካው ምግብ ለሌላ ሰው የማይሰጥ ርኩስ ይሆናል። በኬክ ላይ ሻማ በትንፋሽ ማጥፋት ለአንዳንድ ወግ ጠባቂ አስተናጋጆች የማይመቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚህም በላይ በሂንዱ ሥርዓት መልካም ቀን የሚታወቀው መብራት በማብራት እንጂ በማጥፋት አይደለም። ሻማውን ከኬኩ ለይተው በአጠገቡ የሚያበሩ ተጓዦች ሁለቱንም ወግ ያከብራሉ።

የአገሩ ሰው ራሱ ልደትን የሚያከብርበት መንገድ አለው። እናት ወይም ታላቅ ዘመድ ከሩዝ፣ ከእርጎና ከቀይ ቀለም የተዘጋጀ ቲካ በባለ ልደቱ ግንባር ላይ ትለጥፋለች። በካትማንዱ ሸለቆ የሚኖሩት ኔዋሮች እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ የምስር ቂጣና አረቄ ያለበትን ሳጉን የተባለ የበረከት ማዕድ ያቀርባሉ። አንድ አረጋዊ 77 ዓመት ከ7 ወር ከ7 ቀን ሲሞላውም ጃንኮ በተባለ ታላቅ ሥርዓት በሠረገላ ተቀምጦ በልጆቹና በልጅ ልጆቹ እየተጎተተ በከተማው ይዞራል። ባለ ማደሪያዋ የእንግዳዋን ልደት ሰምታ ቲካ ስትለጥፍላት፣ የእናትን ሥራ ለአንድ ማለዳ ተረክባለች ማለት ነው።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል የሚለውም የባህል ጥያቄ ነው። በኔፓል፣ በጀርመንና በእኛም ዘንድ ጋባዡ ባለ ልደቱ ነው፤ በእንግሊዝና በአሜሪካ ልማድ ግን ጓደኞቹ ይከፍሉለታል። ገንዘባቸው ተቆጥሮ ያለቀ ተጓዦች ይህን አስቀድመው ካልተነጋገሩበት፣ በዓሉ በቅሬታ ሊያልቅ ይችላል። ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ በጻፈው ጥናት መስጠት፣ መቀበልና መመለስ ሦስት የማይነጣጠሉ ግዴታዎች መሆናቸውን አሳይቷል። በመንገድ ላይ ሦስተኛው ይጠብቃል፤ ቡድኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊበተን ይችላልና መላሹ ዕድል ላያገኝ ይችላል። ስጦታውም መመዘን አለበት። እያንዳንዱን ዕቃ በትከሻው ለሚሸከም ሰው ከባድ ስጦታ ሸክም ነው። ስለዚህ የመንገድ ስጦታ ወይ የሚበላ ነው፣ ወይ እንደ ካታ ያለ ቀላል የሐር ሻሽ ነው፣ ወይም ጉልበት ነው፤ የባለ ልደቱን ሻንጣ ለዚያ ቀን ተካፍሎ መሸከም።

ከፍታው የሚያዘው

ተጓዦች ልደታቸው በተራራው ከፍተኛ ሥፍራ ላይ እንዲውል አስበው ጉዟቸውን ማቀዳቸው የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። የአናፑርና ሠፈር 4,130 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ ስድስት አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። በከፍታ ሕክምና የተለመደው ምክር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም ማረፍ ነው። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን በእነዚያ ቀናት አይመከሩም፤ አተነፋፈስን ያዳክማሉ፤ ከዚህም በላይ የራስ ምታቱና የማቅለሽለሹ ምልክት የስካር ድካም ነው ተብሎ ስለሚታለፍ የከፍታ ሕመም ሳይታወቅ ይብሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የኖረ ሰው በመጠኑ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ከሕመሙ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

አደጋው የሚመጣው ከቀኑ ጋር በሚያያዝ እልህ ነው። ልደቱ ነገ ስለሆነ ዛሬ መድረስ አለብን የሚል ቡድን የማረፊያውን ቀን ይዘልላል። ልምድ ያላቸው መሪዎች ኬኩን ከቁልቁለቱ በኋላ ለሚደረስበት መንደር ያቆዩታል። ቀን በስምምነት የሚጸና ከሆነ በስምምነት ሊዘገይም ይችላል፤ ሳንባ ግን አይደራደርም።

ቀን የሌላቸው ሰዎች

በዚያው ተራራ የሚኖሩት ሸርፓዎች ለልጆቻቸው ስም የሚያወጡት ብዙ ጊዜ በተወለዱበት የሳምንት ቀን ነው። ኒማ እሑድ፣ ዳዋ ሰኞ፣ ሚንግማ ማክሰኞ፣ ላክፓ ረቡዕ፣ ፉርባ ሐሙስ፣ ፓሳንግ ዓርብ፣ ፔምባ ቅዳሜ ነው። የሳምንቱ ቀን በስም ሲቀመጥ፣ የወሩ ቀን ግን በቀድሞው ዘመን ሳይጻፍ ይቀር ነበር። ከኤድመንድ ሂላሪ ጋር ኤቨረስት ጫፍ ላይ የወጣው ቴንዚንግ ኖርጌይ የተወለደበትን ቀን በትክክል አያውቅም ነበር። ከአየሩ ጠባይና ከአዝመራው ተነሥቶ በግንቦት መጨረሻ ገደማ እንደተወለደ ይገመት ነበርና፣ ጫፉ ላይ የደረሱበትን ሜይ 29 ቀን (ግንቦት 21 ቀን 1945 ዓ.ም.) ከዚያ በኋላ የልደት ቀኑ አደረገው። በአውራጃ መዝገብ ያልነበረው ቀን ከባልንጀራ ጋር በተፈጸመ ሥራ ተገኘ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በገጠር ያደገ ብዙ ሰው የተወለደበትን የሚያውቀው በሚካኤል ዕለት፣ በማርያም ዋዜማ ወይም በእንትና ሠርግ ሰሞን በሚል ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የሚሰጠው ስም ከቅዱሳን ጋር ያስተሳስራቸዋል እንጂ ቁጥሩን አያስቀምጥም። ሰውየው በስደት ወይም በሥራ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ቅጹ ቁጥር ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት ከአፍሪካና ከእስያ የሄዱ እጅግ ብዙ ስደተኞች በሰነዳቸው ላይ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፏል፤ ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን መካከልም ቀናቸው በግምት የተመዘገበላቸው ብዙዎች ናቸው። ልጆቻቸው ዛሬ እንደ እኩዮቻቸው ሻንጣ አዝለው ወደ ኔፓል ሊሄዱ ይችላሉ፤ የራሳቸው ቀን ትክክል፣ የወላጆቻቸው ግን የጸሐፊ ግምት ሆኖ።

ፓስፖርት ሌላም ነገር ይወስናል። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት የያዘ ተጓዥ ካትማንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለ15 ቀን 30፣ ለ30 ቀን 50፣ ለ90 ቀን 125 የአሜሪካ ዶላር ከፍሎ ቪዛ ያገኛል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ሲደርሱ ቪዛ ከማይሰጣቸው ጥቂት አገሮች ዜጎች አንዱ በመሆኑ አስቀድሞ ከኤምባሲ መጠየቅ አለበት። ልደትን በመንገድ ላይ ማክበር ነጻነት ተብሎ ሲወደስ፣ ነጻነቱ ለሁሉም በእኩል እንዳልተከፈለ ማስታወስ ይገባል።

ማጠቃለያ

የኢትዮጵያ ባህል ከቤት ውጭ የሚከበር ልደት ያውቃል። ግንቦት 1 ቀን የልደታ በዓል ሲከበር፣ ጎረቤታሞች ከየቤታቸው ወጥተው በደጅ ይሰበሰባሉ፤ ንፍሮ ቀቅለው በአንድነት ይበላሉ። በትውፊታችን እመቤታችን የተወለደችው ወላጆቿ ኢያቄምና ሐና ከአገራቸው ወጥተው በሊባኖስ ተራራ ሳሉ ነው፤ ንፍሮውና ከቤት ውጭ መሰብሰቡም ይህንኑ ያስታውሳሉ። ስለዚህ በመንገድ ላይ የሆነ ልደት ጎደሎ ልደት ነው የሚል ሐሳብ ከራሳችን ሥርዓት ጋር አይስማማም።

ከላይ የታዩት ነገሮች ለመግቢያው ጥያቄ አንድ መልስ ይሰጣሉ። የዘመን አቆጣጠርና ሰዓት ሲለያዩ ቀኑ ይዋልላል፤ ቤቱም ለጊዜው በባለ ማደሪያዋ ቲካ ይተካል። በዓሉን ጸንቶ እንዲቆም የሚያደርገው፣ አንድን ቀን ይህ ያንተ ነው ብሎ የሚቀበልና በኋላም አብሬው ነበርሁ ብሎ የሚመሰክር ሰው መኖሩ ነው። ይህ መልስ ከተጓዦቹ አልፎ በሰነዳቸው ላይ የሌላ ሰው ግምት የተጻፈባቸውን አባቶችና እናቶች ይመለከታል። ቴንዚንግ ቀኑን እንደ መረጠ እነርሱም ሊመርጡ ይችላሉ፤ ልጆቻቸውም ያን ቀን አውቀው ቢያከብሩላቸው፣ መዝገቡ የነሣቸውን በከፊል መለሱላቸው ማለት ነው።